ፊቷን ወደ ደቡብ አድርጋ ስለተኛችው ሰኒሃ

ለክቡር ሙሴ ሎራን ሾሜይ
የቫልኖዋር ከተማ ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ጉልበትዎ ጤናን እመኛለሁ። ጉልበትዎ ገና እንደልብ እንደማይታጠፍ ከከተማችን መጽሔት አንብበን በቤታችን ሁላችንም አዝነናል። አያቴ ዱርሱን ካራቡሉት ከሶላት በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ ስምዎን ጨምረው፣ «ለከንቲባውም ጉልበት ድረስለት፤ ወደፈለገው አቅጣጫ ይታጠፍለት» ይላሉ። አቅጣጫ የምትለዋን ቃል ያነሱት በክፋት አይደለም። እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ቤታችን ውስጥ ከአንድ ዓመት ወዲህ ከዚህች ቃል ሌላ እምብዛም አይነገርም።

ስሜ ዘሊሃ ነው። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ባለፈው የምክር ቤት ስብሰባ ላይ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «ጥያቄ ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ አንስቼ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ፀጉሬን የማስተካክል መስሎዎት ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ አደባባዩ አበባ ተሻገሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። የአባቴ የሙሃረም ድምፅ እንኳ በደንብ ይወጣል፤ ፈረንሳይኛው ግን የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ፈረንሳይኛ ስለሆነ ስለ ጥድ የፈለገውን ሁሉ ሲናገር፣ ስለ ሕግ ለመናገር አፉን ከከፈተ ነገሩ እንደገና ወደ ጥድ ይመለስበታል። ስለዚህ ትምህርቴን በጊዜ ያቋረጥኩት እኔ የቤተሰቡ አስተርጓሚም፣ ጸሐፊም፣ ጠበቃም ሆኛለሁ። ከዚህ በፊት የላክናቸው ደብዳቤዎች በማዘጋጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በክብር እንዳረፉ ስለተነገረን፣ ይህኛው ከማረፉ በፊት ትንሽ እንዲነበብ ብዬ ለአካባቢያችን ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ጋዜጣውን ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አያቴ በወጣትነታቸው እንጨት ሊቆርጡ ከቱርክ ወደዚህ ጫካ መጡ። ከመጡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸው ሰኒሃ፣ ገና ሳትደገፍ መቀመጥ እንኳ ሳትችል፣ በሳንባ ምች ሞተችባቸው። ከተማችን መካነ መቃብር ውስጥ ቀበሯት። በእኛ ወግ ሟች በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ መካ አድርጎ ስለሚተኛ፣ መቃብሯ ከጎረቤቶቿ ጋር አይሰለፍም፤ በረድፉ መሐል እንደ በቀለ ጠማማ ጥርስ ነው። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ቄስም ኢማምም የማይወዱ አሮጌ ኮሚኒስት ነበሩ ይባላል። አያቴን፣ «ዱርሱን፣ ሙታን ሃይማኖት የላቸውም፤ ስለዚህ እንደፈለግህ ቆፍር» አሏቸው። አያቴም ሄደው ቆፈሩ።

ባለፈው ዓመት ክቡርነትዎ መቃብር ሁሉ በአንድ መስመር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሆን የሚያዝዝ አዲስ ደንብ አወጡ። በሰኒሃ ትንሽ ድንጋይ ላይም «ከአሰላለፉ ውጪ የሆነ መቃብር፤ ባለቤቶቹ ማዘጋጃ ቤት ይቅረቡ» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጠፈ። ቀረብን። አጽሟ ወጥቶ በመስመሩ ይቀበር፣ አለዚያም ከሌሎች አጽሞች ጋር ወደ አንድ የጋራ ጉድጓድ ይግባ ተባልን። አያቴ ደግሞ አርጅተዋል፤ ሳንባቸው የመጋዝ ብናኝ ሲጠጣ ኖሯል። ሐኪማቸው ስለ መጪው በረዶ ወቅት ስንጠይቀው ስለዚህ ሳምንት ያወራናል። የአያቴ ፍላጎት አንድ ብቻ ነው፤ ከሰኒሃ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ፣ ሰኒሃ እንደተኛችው ሆነው መተኛት።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ። ቁጥር የሌለው ነገር ማዘጋጃ ቤት ውስጥ እንደማይነበብ ተምሬያለሁና።

፩. ስለ እኩልነት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ቢሮዎ ስንቀርብ ወንበር ሰጡን፣ ውኃም አስመጡልን። ከዚያም በጣም ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሪፐብሊኩ ሃይማኖት አያውቅም። ሕጉ ሙታንን በእምነታቸው አይለያይም። እዚያ ግቢ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታል» አሉኝ። እኔም ለአያቴ ተረጎምኩ። አያቴ በጥሞና ሰምተው፣

«ወደ የት?» አሉ።

«ወደ መካከለኛው መንገድ፣ አባባ።»

«መንገዱስ ወደ የት ይወስዳል?»

«ወደ ትልቁ የድንጋይ መስቀል።»

አያቴም፣ «እሱስ ጥሩ መስቀል ነው። ነፋስ ሲመጣ ስንት ቀን ተጠልዬበታለሁ። ግን ሰውየው አሁን ሃይማኖት አላውቅም አላለም እንዴ?» አሉ። ይህን እያፈርኩ ስተረጉምልዎ እርስዎ ምንም ሳይቆጡ፣ መስቀሉ ከሕጉ በፊት የተተከለ ስለሆነ ሃይማኖት ሳይሆን ቅርስ መሆኑን አስረዱን። ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን። አንድ ሃይማኖት ቅርስ እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቢነግሩን ደግሞ እንጠብቃለን። አያቴ ጥድ ሲቆርጡም ሲተክሉም የኖሩ ሰው ስለሆኑ መጠበቅ አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው ሳንባቸው ነው።

፪. ስለ አገራችንም አመሰግናለሁ። በመስኮቱ በኩል የሚያስተናግዱን ወይዘሮ፣ «የእናንተ ሰዎች እኮ ሲሞቱ ወደ አገራቸው ነው የሚሄዱት፤ ለምን እንደ ሌሎቹ አታደርጉም?» ብለው በቅንነት መክረውናል። እውነታቸውን ነው። የከተማችን ቱርኮች እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ሬሳውን በአውሮፕላን ጭኖ ቱርክ፣ ጊሬሱን ከተማ ድረስ ያደርሳል። አያቴ እድሩን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ ስንቱን ጓደኛቸውን አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኝተዋል። የራሳቸው ተራ ሲቃረብ ግን አልሄድም አሉ። ሻይ ቤት የሚቀመጡት ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ አለቀቋቸውም።

«ዱርሱን፣ እውነቱን ንገረን፤ አውሮፕላን ፈርተህ ነው።»

«አዎ፣ ያቅለሸልሸኛል። አንተ ስትሄድ የእኔን መቀመጫ ጨምረህ ተንጋለልበት።»

«ከእነሙሴ እገሌ ጋር ተኝተህ ምን ልታወራ ነው?»

«ስለ እንጨት ዋጋ። ዕድሜዬን ሙሉ ከነሱ ጋር ሌላ ምን አውርቼ አውቃለሁ?»

ቤት ሲገቡ ግን አይቀልዱም። እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «አንድ ጊዜ ትቻት ሄጃለሁ፤ ሳምንቱን ጫካ ሰንብቼ ስመለስ ከፍነዋት ነበር የጠበቁኝ። ሁለተኛ ትቻት በአውሮፕላን ልሂድ?» አሉኝ። ወደ መስኮቱ ስንመለስ ይህን ለወይዘሮዋ አልተረጎምኩላቸውም። ከኋላችን ወረፋ ነበር።

፫. ስለ ሙሴ ላኮምብ ላሞችም እንዲሁ። በመጸው ወራት ያረፉት ከብት አርቢው ሙሴ ላኮምብ ጥቁር የድንጋይ መቃብራቸው ከመስመሩ ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ ወደሚታየው መስካቸው እንዲዞር ተፈቅዶላቸዋል። ደግ ሰው ነበሩ፤ መስኩም ያምራል፤ ቀያዮቹ ላሞቻቸውም ከአጥሩ አጠገብ እየመጡ ይቆማሉ። ይገባቸዋል። ባለቤታቸው ገበያ አግኝተውኝ፣ «ከንቲባው እምቢ ይለኛል ብዬ ስንት ነገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም እኮ» ብለውኝ እሳቸውም ተገርመዋል።

እኛ ይህን አይተን ለእኛም እንዲፈቀድልን ስንጽፍልዎ በፊርማዎ መልስ ሰጡን። የሙሴ ላኮምብ ጥያቄ «ከመልክዓ ምድር ጋር የተያያዘ፣ ከሃይማኖት ነጻ የሆነ የግል ምክንያት» ስለሆነ ከገለልተኝነት ጋር እንደማይጋጭ፣ የእኛ ግን እንደሚጋጭ፣ ምክንያታችን ሃይማኖታዊ ባይሆን ኖሮ ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን በርኅራኄ ይመለከተው እንደነበር ገለጹልን። ይህን ለአያቴ ስተረጉም ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ እሳቸው አሳጠሩት።

«ላም ገለልተኛ ናት ማለት ነው።»

አባቴ፣ «አባባ፣ እባክህ ቀስ በል። በኋላ ላም አምጡ እንዳንባል» አለ።

፬. አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የደረሰብን ነገር ነው፤ የት እንደማደርገው ስላላወቅሁ እዚህ አስገብቼዋለሁ።

«ሃይማኖታዊ ባይሆን ኖሮ» የምትለዋ ሐረግ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አንድ እሁድ ብቻዬን ወደ መካነ መቃብሩ ሄድኩ። የሚቀጥለው ደብዳቤያችን ትክክለኛ እንዲሆን የሰኒሃን አቅጣጫ በስልኬ ኮምፓስ ልለካ ፈልጌ ነበር። ድንጋይዋ አጠገብ ተንበርክኬ ለካሁ። ሰኒሃ የምታየው በትክክል ወደ ደቡብ ነው። መካ ግን ከዚህ ከቫልኖዋር ደቡብ አይደለችም። መስጊዳችንም፣ ስልኬም የሚያሳዩት በጣም ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት ተጠግቶ ነው። የአጥሩ ብረት አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ራቅ ብዬ ለካሁ። ያው ነው። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ለአባቴ ስነግረው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እንዳትነግሪው። ይህ ነው የሚገድለው» አለኝ። እኔም ዝም ማለት ስለማይከብደኝ ዝም አልኩ። ግን አያቴ ዝምታን ከዝምታ ይለያሉ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «አንቺ ልጅ፣ የዋጥሽው ነገር አለ፤ ወይ ትፊው ወይ አላምጪው» አሉኝ። ነገርኳቸው።

 መሳቅ ጀመሩ፤ ሳሉ እስኪያቆማቸው ድረስ ሳቁ።

«በእኛ መንደር መካ ደቡብ ናት! ልጅ ሳለሁ አባቴ ወፍጮ ቤቱን አሳየኝና ‹ወደዚያ ስገድ› አለኝ። ወፍጮ ቤቱ ደቡብ ነበር። እዚህ ስንመጣ አገሩ ሲለወጥ አቅጣጫውም እንደሚለወጥ ማን ይንገረን? ጫካ ውስጥ ቀትር ላይ ፀሐይዋ የምትቆምበትን እያየን በሰልፍ እንሰግድ ነበር። እኔ ነበርኩ ‹ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ› እያልኩ የማሰልፋቸው! ለመሆኑ በዚያ በኩል ምንድን ነው ያለው?»

«ባሕር፣ አባባ። ከባሕሩ ወዲያ አልጄሪያ። ከዚያ በረሃ።»

«ለአሸዋ ስንሰግድ ኖረናል በይኛ!»

ሳቃቸው ሲያልቅ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያዩት ጀመር። ኢማሙን አስቀድሜ እንደጠየቅሁ፣ ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው እንደማይወቀስ፣ የተኛችውንም መቀስቀስ እንደማያስፈልግ መናገራቸውን ነገርኳቸው። ከፈለጉ ግን አያቴን ራሳቸውን በትክክለኛው አቅጣጫ ማስተኛት እንደምንችልም ጨመርኩ።

«አይሆንም» አሉ። «በዚህ እጄ ነው ያዞርኳት። አባቷ ያሳያትን እያየች ነው የተኛችው። አሁን ጎኗ ተኝቼ እኔ ወደ ሌላ ልመልከት? እኔንም እንደሷ አድርጉኝ። ተሳስቼ ከሷ ጋር ልሁን። አላህ የተሳሳተ ሰው ፊቱ ወዴት እንደነበረ ያውቃል። ያስቸገረው ከንቲባው ነው።»

፭. ቁጥሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም ክቡር ከንቲባ፣ የምሥራች አለኝ።

የሰኒሃ አቅጣጫ ሃይማኖታዊ አይደለም። ኮምፓስ ይመሰክራል፤ ኢማሙ ይመሰክራሉ፤ ራሳቸው ያዞሯት አባቷም ያምናሉ። ሪፐብሊኩ ይህን አቅጣጫ እንደማያውቀው ሁሉ፣ ሃይማኖታችንም አያውቀውም። በዚህ ከተማ ወደዚያ እያዩ የሰገዱ ሰዎች ካሉ የአያቴ የድሮ ባልደረቦች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አብዛኞቹ በአውሮፕላን ሄደዋል። ይህ የአንድ አባት ስህተት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ከሃይማኖት ነጻ የሆነ የግል ምክንያት ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ በደንብ ባይገባኝም፣ ከዚህ ይበልጥ የግል የሆነ ነገር ግን አላውቅም። የመልክዓ ምድሩም ነገር እንዳይጎድል፣ ከድንጋይዋ ወደ ደቡብ ሲያዩ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ አያቴ ጉልበታቸውን የጨረሱበት የእንጨት መሰንጠቂያ ይታያል። እንደ ላሞቹ አያምርም፤ ገለልተኛ መሆኑን ግን አረጋግጣለሁ።

ስለዚህ ቢጫው ወረቀት እንዲነሳ፣ ሰኒሃ እንደተኛች እንድትተው፣ አያቴም ቀናቸው ሲደርስ ከጎኗ እንደሷ ሆነው እንዲያርፉ ይፈቅዱልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በደንብዎ ውስጥ ላሞችን ለሚወድ ሰው አንድ አንቀጽ ከተገኘለት፣ ልጁን አቅጣጫ ስቶ ለቀበረ ሰው ደግሞ ግማሽ አንቀጽ ቢበቃን እንቀበላለን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና እጄን ከጆሮዬ ላወርድ ነው። ክቡር ከንቲባ፣ ደክሞኛል። እኔ ሶላቴን ሁልጊዜ የማልጨርስ ልጅ ነኝ፤ በዚህ ዓመት ግን ስለ ሃይማኖቴ ከመስጊዱ ይልቅ በማዘጋጃ ቤቱ ብዙ ተጠይቄአለሁ። ሃይማኖት አላውቅም የሚለው መሥሪያ ቤት አያቴን ወዴት እንደሚሰግዱ፣ ለምን እንደሚሰግዱ፣ ባይሰግዱ ምን እንደሚሆን ጠይቋል። ሃይማኖት አውቃለሁ የሚሉት ኢማም ግን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አያትሽ ምግብ ይበላሉ?» አሉኝ። እየቀነሱ ነው አልኳቸው። እርስዎም በዚህ ጉዳይ መጠየቅ ከፈለጉ መልሱ ያው ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ወንበሩንም ውኃውንም ስለሰጡን፣ በመስመር ውስጥ ላሉትም ከመስመር ለወጡትም የከተማችን ነዋሪዎች በእኩልነት ስለሚያስቡ፣ ከልብ የመነጨውን፣ የታጠፈውን፣ በሦስት ቅጂ የተዘጋጀውን ከፍተኛ አክብሮቴን ጉልበትዎ በፈቀደው መጠን ጎንበስ ብለው እንዲቀበሉልኝ እለምናለሁ።

ዘሊሃ ካራቡሉት
የዱርሱን የልጅ ልጅ፣ የሰኒሃ ወንድም ልጅ
በቫልኖዋር ተወልዳ በቫልኖዋር የምትኖር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለአያቴ ባነብላቸው፣ «እንጨት መሰንጠቂያው እውነት በቀጥታ ደቡብ ነው? አይመስለኝም፤ አጣሪ። በውሸት አልቀበርም» ብለው መለሱኝ። ሄጄ በጥንቃቄ አየሁ፤ እውነትም መሰንጠቂያው ትንሽ ወደ ግራ ይላል። ስላሳሳትኩዎ ይቅርታ። ከሰኒሃ ድንጋይ በቀጥታ ወደ ደቡብ ሲያዩ፣ ከአጥሩ በላይ የሚታየው ባንዲራ የተሰቀለበት የማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ነው፤ ከባንዲራው ሥር ያለችውም መስኮት የእርስዎ ቢሮ ናት። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። ቸኩለው መልስ እንዳይሰጡ እንድነግርዎ አዘውኛል፤ «በጎኔ ተኝቼ እሱን እያየሁ እጠብቃለሁ በይው። ካስጨነቀው መጋረጃውን ይዝጋ» ብለዋል።